ድንጋይ የሌለው የጦር ሰፈር

ከላላ የደረስኩት የወታደር ማሰልጠኛ ፍርስራሽ ፍለጋ ነው። በልቤ የያዝኩት ሥዕል ግልጽ ነበር፦ የተናደ ግንብ፣ የዘብ ማማ፣ ባንዲራ ይሰቀልበት የነበረ የዛገ ብረት፣ ይህ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ሣር የዋጠው የሲሚንቶ ወለል። ከደሴ በማለዳ ተነስተን ጉጉፍቱን ስንወጣ ጭጋጉ የመኪናውን መስኮት ሸፍኖት ነበር። ደጋው ላይ ወጥተን ሲገለጥ ግን ዓይን የሚያርፍበት ግንብ አልነበረም። የገብስ ማሳ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባና የደረበ እረኛ፣ ከዚያ ሜዳ። ሜዳው ይሄድ ይሄድና ድንገት ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ማዶ ሌላ ሜዳ ይጀምራል።

ከላላ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቡናውን ጀባ ተባልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ እዚህ አካባቢ የድሮ የጦር ማሰልጠኛ ነበር ወይ?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የየትኛው ዘመን?»

«የየትኛውም ቢሆን።»

«እንግዲያ ሜዳውን እየው» አሉኝ በምርኩዛቸው እያመለከቱ። «ሌላ ምን ይቀራል ብለህ ነው ልጄ?»

ጥያቄዬን የሸሹት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የነገሩኝ ዋናውን ነገር መሆኑ የገባኝ።

የጦር ማሰልጠኛ ሲባል አጥር፣ በርና የሰልፍ ሜዳ ያለው ግቢ በዓይናችን የሚመጣው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖችን አስመጥተው ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1927 ዓ.ም. ነው። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ጦር ስለደረሰ በ1928 ዓ.ም. ጣርማበር ላይ እንዲመክቱ ተላኩ። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ወለጋ ላይ በተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ተዋጉ። ሆለታ ዛሬም አለ፤ ግቢው ይታያል፣ ስሙ ይጠራል።

ከሆለታ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ አገር ጦር ተሰልፏል፣ ዘምቷል፣ አሸንፏል፣ ተሸንፏል። ያ ወታደር የት ሰለጠነ? የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከከላላ እስከ ቦረና፣ ከለጋምቦ እስከ ወረኢሉ፣ ከዚያም እስከ መቅደላ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የተዘረጋበት መሬት ነው። እኔ ድንጋይ ስለፈለግሁ መልሱን አላየሁትም ነበር።

ከቃሉ እንጀምር። «ከተማ» ዛሬ መብራት፣ ገበያና የተደረደረ ቤት ያለበት ቦታ ነው። በቀድሞው አነጋገር ግን ከተማ የንጉሥ ወይም የመስፍን ጦር የሰፈረበት ነው፤ ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ከተማ ውስጥ፣ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ደረሰ አየናቸው የጥናታቸውን ትልቅ ክፍል የሰጡት ለዚሁ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። ያኔ ቤተ አማራ ይባል የነበረው የዛሬው የወሎ ደጋ ደግሞ ነገሥታቱ ከሚመላለሱባቸው ዋና ዋና ምድሮች አንዱ ነበር።

በ1512 ዓ.ም. የመጣውና ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። እጅግ የገረመው ሥርዓቱ ነው። ጦሩ የትም ይስፈር የት አቀማመጡ አይለወጥም፤ የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ይተከላል፣ ቀኙ ቀኝ ነው፣ ግራው ግራ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ገበያው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉም በየቦታው ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አዲስ ሜዳ ላይ ደርሶ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ድንኳኑን የት እንደሚተክል ያውቃል። ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች የሚሉት የማዕረግ ስሞች የሰፈር ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ማዕረጉን ሲጠሩት ሰውየው በሰልፉ ውስጥ የቆመበት ቦታ ይታያል።

ማሰልጠኛው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጁ ከአባቱ ጋር ስንቅ ተሸክሞ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ምሽት ማን ከማን ጎን እንደሚያድር፣ በቅሎ የት እንደምትታሰር፣ ነጋሪት ሲመታ ወዴት እንደሚሮጥ ያያል። በሃያኛው ምሽት ማንም አያሳየውም። ሠራዊቱ ሲነሳ ድንኳኑ ይጠቀለላል፣ ዳሱ ይፈርሳል፣ አመዱን ንፋስ ይወስደዋል፤ ቦታው በሚቀጥለው ክረምት ይታረሳል። በዚሁ በቤተ አማራ ምድር አፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ የተባለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለ። ከእሱ የተጠረበ ድንጋይ ተርፏል። ከጎኑ ይሰፍር ከነበረው ጦር አንድ ካስማ እንኳ አልተረፈም።

የተረፈውን በአፋችን ይዘነው እንዞራለን፤ ከማዕረግ ስሞቹም የሚበልጥ አንድ አለ። «ጨዋ» ስንል የታረመ፣ ሰው የሚያከብር፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚሄድ ሰው ማለታችን ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግን ጨዋ ማለት ወታደር ነው። ንጉሡ ጨዋ የሚባሉትን ክፍለ ጦሮች በየአውራጃው አስፍረው መሬት ሰጥተው ድንበር ያስጠብቁ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጦር የራሱ ስም ነበረው። ዛሬ እናት ልጇን «ጨዋ ሁን» ብላ ስትመክር በመቶዎች ዓመታት ርቀት ላይ ያለ የጦር ሰፈር ስም እየጠራች መሆኑን አታውቅም። እኔም ይህን ካወቅሁ በኋላ ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ከከላላ ወደ ሰሜን፣ ለጋምቦንና ተንታን አልፎ፣ በሺሎ ወንዝ ገደል ላይ መቅደላ ቆማለች። በዚህ ደጋ ድንጋይና ብረት የፈለገ ሰው ባዶ እጁን የማይመለስበት ቦታ እሷ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት። አፄ ቴዎድሮስ የያዟት ከነገሡ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1848 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ግምጃ ቤታቸው አደረጓት፣ እስር ቤታቸው አደረጓት፤ መጨረሻ ላይ መቃብራቸው ሆነች።

ስለ ቴዎድሮስ ሲነሳ መድፉና ሽጉጡ ይነገራል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ወታደሩ በየመስፍኑ ዙሪያ ተሰብስቦ የአገሩን ሰው ብቻ ተከትሎ ይዋጋ የነበረበትን ልማድ ለመስበር የሞከሩት እሳቸው ናቸው። የተለያየ አገር ሰው አንድ ላይ ቀላቀሉ፤ በአሥር፣ በሃምሳ፣ በመቶና በሺ ከፍለው አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ ሾሙ። ወታደሩ ገበሬ ዘርፎ ከሚበላ ደመወዝ እንዲቆረጥለት አሰቡ። ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ጆን ቤል አዲሱን የውትድርና ሥርዓት በማስተማር ይረዳቸው ነበር። ደመወዙ አልዘለቀም፤ አገሩ ሲያምጽባቸው ሠራዊታቸው ቀለጠ። ማዕረጎቹ ግን ቀሩ። ዛሬ የትኛውም የኢትዮጵያ ካምፕ ውስጥ «ሃምሳ አለቃ!» ብሎ የሚጣራ ወታደር በዚህ ተራራ ላይ ያለቀ የአንድ ሰው ሐሳብ ይጠራል።

መድፉን ደግሞ መተው አይቻልም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ ያቀለጡት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ፈጀባቸው። በቀጥታ ቢሄዱት ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ግን መንገድ አልነበረም። የጅዳንና የበሺሎን ገደሎች በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን በጠፍር እየጎተቱ ወረዱ፣ ወጡ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ጠረጉ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ሲገጥሙ ግን የተመኩባቸው ከባድ መድፎች አላዳኗቸውም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተሰበረ፤ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እንግሊዞች ብራናውንና ንዋያተ ቅድሳቱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ። ሴባስቶፖልን ማን ይሸከመዋል? እዚያው ቀረ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። እውነተኛው መቅደላ ላይ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ዝናብ ይገባበታል፣ እረኛ ይወጣበታል። ከአንድ የጦር ሰፈር ከተሰበሰበው ሁሉ ሳይነካ የቀረው በክብደቱ ብቻ የተረፈው ነው።

መጨረሻውን ባያይም የአምባውን ኑሮ ያየ አንድ ልጅ ነበር። በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የተባለው ሣህለ ማርያም በ11 ዓመቱ ከሸዋ ተማርኮ መቅደላ ገባ፤ አሥር ዓመት ገደማ እዚያ ኖረ። ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፣ ልጃቸውን ዳሩለት። ጦሩ እንዴት እንደሚከት፣ እንዴት እንደሚራብ፣ እንዴት እንደሚከዳ ከአምባው ላይ ሆኖ አይቷል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት አምልጦ የወሎዋ እመቤት ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ገባ። ወርቂት ልጇ መቅደላ ላይ በእስር ላይ እያለ ወጣቱን ወደ ሸዋ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም ልጇን ገደሉባት። የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት በአንዲት የወሎ እናት ልጅ ሕይወት የተገዛ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ይህን የሚያስታውስ ሐውልት ግን በዚህ ደጋ ላይ አላየሁም።

ምኒልክ ሸዋን ከያዙ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ወደዚሁ ደጋ ተመለሱ፤ በ1860ዎቹ ወረኢሉን ቆረቆሩ። ቦታውን ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣሩ ለፈረስና ለበቅሎ ይበቃል፣ ገብሱ ጎተራ ይሞላል፤ ከሸዋ የሚመጣ ጦር የወንጭትን በረሃ ወጥቶ የሚያርፍበት የመጀመሪያው ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን መንገዱ ክፍት ነው። ወረኢሉ የወሎን አገር የሚጠብቅ ከተማ፣ የእህል ማከማቻና የጦር መነሻ ሆነች።

የኢጣሊያ ነገር ሲቆርጥ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነገሩ። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ከትቶ እንዲጠብቃቸው አዘዙ፤ ለቀረ ሰው አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ስም ማሉ። በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነስተው በዚያው ወር ወረኢሉ ደረሱ። ዓድዋ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት ተሰልፏል ይባላል፤ የሸዋው ክንድ የተገጣጠመው እዚህ ነው።

ወረኢሉ ላይ በቆምኩ ጊዜ ያን ጥቅምት ለማየት ሞከርኩ። አበባ ደርሷል፣ ጤፉና ገብሱ ሊታጨድ ነው፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ከየአቅጣጫው ሰው ይገባል። ወንዱ ጠመንጃውን ወይም ጦሩን ይዟል፤ ሚስቱ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ቋንጣውን፣ ማሰሮውን፤ ልጁ በቅሎዋን ይነዳል። መንግሥት ደንብ ልብስ አይሰጥም፣ ምሳ አይሰጥም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ትንሽ ስንቅ ክፍል ነው። ይህ ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቱን፣ ኋላውን፣ ቀኙንና ግራውን ይለያል። ከዚያ እስከ የካቲት 23 ድረስ አራት ወር ይጓዛል፣ በየምሽቱ ይሰፍራል፣ በየጠዋቱ ይነሳል። አልቫሬዝ ከ370 ዓመት በፊት ያየው ሥርዓት ነው የሚደገመው። ዓድዋ ላይ የደረሰውን ሠራዊት የውጭ ሰዎች ያልሰለጠነ ገበሬ ይሉት ነበር። ከመቶ በላይ ሌሊት አብሮ ሰፍሮ የተነሳ ሰው ያልሰለጠነ የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ያ መንገድ ሁለት ወገን ሄዶበታል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ መኪናው በጣርማበር በኩል ነጎደ፤ ከእግረኛው ደግሞ አንደኛው ክንፍ የወረደው በወረኢሉ በኩል ነው። አርባ ዓመት ቀድሞ ምኒልክ የወጡበትን ሜዳ ወራሪው ወደ ታች ረገጠው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን አልፎ እስከዚህ ደርሷል፤ በዚህ ደጋ ስለ ጦር የሚጠየቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የአያቱን ሳይሆን የራሱን ነው። ስለዚህ ስጠይቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ከዚህ ደጋ ያልተነጠለ አንድ የጦር ትምህርት ቤት አለ፤ ጉግስ። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው ፈረሱን ሳያቆም ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ዙሩ ይለወጣል። ለጨዋታ ያየው ሰው የሚያስተውለው አቧራውንና እልልታውን ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ማባረር፣ መሸሽ መስሎ መሳብ፣ በጋለበ ፈረስ ላይ ማነጣጠር፣ ከጓደኛ ሳይነጠሉ መዞር፣ እነዚህ ሁሉ የፈረሰኛ ውጊያ ሥራዎች ናቸው። ጥምቀትና መስቀል ሲደርስ ልጅ እያለሁ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ጉግስ ያሳየኝ ነበር፤ የፈረስ ኮቴ ደረት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

የወሎ ፈረሰኛ ስሙ የገነነው በዚህ ሜዳ ነው። ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ማርያም ሸዊቶ በተባለው ሸለቆ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ሲመቱ ከማንኛውም ትምህርት ቤት የወጣ ወረቀት አልያዙም፤ የያዙት ከልጅነት የተማሩትን ዙር ነው። ታላላቆቹ በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሚካኤል አባ ሻንቆ። ዘመኑ ግን እየተዘጋ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ዙፋን ሲሉ ወርደው ሰገሌ ላይ የሸዋን ጦር ገጠሙ፤ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ፈረስ በመትረየስ ፊት ምንም እንዳልሆነ ወሎ ያወቀው በብዙ ልጆቹ ሞት ነው። ከዚያ ወዲህ ጉግስ ጨዋታ ሆነ።

ወደ ከላላው ሽማግሌ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ስሄድ «ትናንት ያልነገርኩህ አለ» አሉኝ። «እኔም ሰልጥኜአለሁ እኮ። ታጠቅ።»

ታጠቅ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ ስንሄድ የምናገኘው ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ ካሰሙ በኋላ ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬ ተሰብስቦ የገባበት ጦር ሰፈር ነው። ስሙ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ነው፤ መቅደላ ላይ ያለቀው ስም መቶ ዓመት ቆይቶ በሌላ ሜዳ ላይ ተነሳ። በጥቂት ወራት ሥልጠና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሚሊሻ ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ተሰለፈ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ሚሊሻው ከመደበኛው ጦርና ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራን ተሻግሮ ጅጅጋን መለሰ። ከዚያም ብዙው ሳያርፍ ወደ ኤርትራ ግንባር ተላከ። ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወጣት የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ግዴታ ተጣለበት፤ ገጠሩ ግን ዘመኑን የሚያስታውሰው በአንድ ቃል ነው፦ አፈሳ።

ሽማግሌው ስለ ጦርነቱ ብዙ አላወሩም። ስለ ሰፈሩ ግን ሲናገሩ ፊታቸው በራ። ከየአገሩ የመጣ ሰው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ጎን ለጎን መተኛቱን፣ መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት እዚያ መሆኑን፣ እግራቸው ቆስሎ ጫማውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መሮጣቸውን ነገሩኝ። «ግራህን ከቀኝህ የማታውቅ ገበሬ ይሉናል» አሉ። «እኔ በሬ ጠምጄ ግራና ቀኝ የማላውቅ ይመስልሃል?»

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተገጠመው። ገበሬ ወታደር ሆኖ የሄደባቸው ሜዳዎች ሁሉ ግንብ የላቸውም፤ ማስረጃቸው ሰው ነው። የወረኢሉን ክተት ያየ ሰው ካለፈ ቆይቷል፤ ብዙዎቹን ማንም ቁጭ ብሎ አንድ ሙሉ ቀን ሳይጠይቃቸው አለፉ። የታጠቅ ሚሊሻዎች ግን ገና በየደጃፉ ፀሐይ ይሞቃሉ። ታናናሾቹ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተዋል። በዚህ ደጋ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ሌላ መካነ ሰላም ላይም ግቢ አለው፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የታሪክ ተማሪዎች መቅጃ ይዘው ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረና ገበያ ቢወጡ ምን ያህል ሰፈር፣ ምን ያህል ሰልፍ፣ ምን ያህል ስም ከሞት እንደሚያተርፉ ሳስበው እጄን ይበላኛል። የእንግሊዙ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ጉንጉን ፀጉር በ2011 ዓ.ም. ሲመልስ ሁላችንም ተደስተናል፤ እኔም ተደስቻለሁ። አገር ውስጥ ያለውን ደግሞ ማንም አልወሰደብንም፤ እኛው ነን እያሳለፍን ያለነው።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው።

«ትዕዛዙን ያስታውሱታል?»

ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ ባናቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ጀርባቸው ጎብጦ የነበረ ሰው እንዴት እንደተቃና አላውቅም። ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ እጃቸው ከጭናቸው ጎን ተጣበቀ፣ አገጫቸው ተነሳ። ቡና የምታፈላው ሴት ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

«ተጠንቀቅ!»

ድምፁ ከአጥር አልፎ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ልጆችን አስቆመ። እኔም ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ብቻ ወደ እግሬ አወረዱ፤ አቋቋሜ ደስ አላሰኛቸውም። ምርኩዛቸውን አንስተው በጫፉ የግራ ጫማዬን ገፋ አደረጉት።

«ተረከዝ ከተረከዝ ጋር» አሉ። «ጣቱ ይከፈት። አዎ። እንዲያ።»

ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ሳንንቀሳቀስ ቆየን፤ ፊታችን ወደ ሜዳው ነበር። ከዚያ «አሳርፍ» አሉና ተቀመጡ፤ የልጅ ልጃቸው ባናውን መልሳ ደረበችላቸው፣ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።